ከሰሌዳው የቀሩት አሥራ አራት ሰዎችና አቶ ኃይለኢየሱስ ወንድይራድ

አቶ ኃይለኢየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ወንድይራድ ብሩና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ጊዮርጊስ ዘሥላሴ በጥር ወር 1929 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። አባታቸውን አያስታውሷቸውም። ገና የአራት ወር ሕፃን ሳሉ ጣሊያን አባታቸውን ከመንደሩ ሰው ጋር ነድቶ ወስዶ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ለጦር አውሮፕላኖቹ ሜዳ ያስጠርጋቸው ጀመር። ድንጋይ አንሸከምም ያሉ አሥራ አራት ሰዎች እዚያው ተረሸኑ። አንዱ አቶ ወንድይራድ ነበሩ።

አቶ ኃይለኢየሱስ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በ1951 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ በጥበቃ ተቀጠሩ። «አባትህ በወደቁበት እንዴት ትቆማለህ?» ላሏቸው «ታዲያ ሌላ ማን ይቁምላቸው?» ብለው መለሱ። ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ከብቱንና በጉን ከማኮብኮቢያው አባረዋል። ሟቾቹ ከተቀበሩባት ጽድ ሥር ግን ሠራተኛም ሆነ አለቃ አያስደርሱም ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ከወ/ሮ ማኅደረማርያም ጋር ተጋብተው ሮዳስንና ቃለ አብን ወለዱ።

የአውሮፕላን ማረፊያው በ2013 ዓ.ም. ሲታደስ ታሪኩ በሰሌዳ ሊሰቀል መሆኑን ሰምተው የሟቾቹን ስም ሰሌዳውን ለሚያዘጋጀው ቢሮ አስገቡ። የአሥራ አንዱን ስም ያገኙት ካህናት ለፍትሐት ከያዙት መዝገብ ስለነበር የተጻፈው በክርስትና ስማቸው ነው። ቢሮውም «በእነዚህ ስሞች የሚታወቅ ሰው የለም» አላቸው። የገዛ አባታቸው በዝርዝሩ ላይ ሳሉ! በሰማንያ አራት ዓመታቸው ከዘራቸውን ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ የእያንዳንዱን ስም እስከ አያት አጣሩ። የቀሩት ሦስቱ የአልዩ አምባ ሰዎች ነበሩ። ወዳጃቸው ሐጂ ጃፈር «የኛዎቹን እኔ እነግርሃለሁ፤ አባቴ ዱዓ ሲያደርግላቸው እየሰማሁ ነው ያደግሁት» ብለው አስጻፏቸው።

ሁለት ዓመት ፈጅተው ሲመለሱ ሰሌዳው ተሰቅሎ ጠበቃቸው። የጣሊያኑ መሐንዲስ ስም ከነማዕረጉ ሰፍሯል። ከሥሩ «በአካባቢው ሕዝብ የጉልበት ተሳትፎ ተሠራ» ይላል። ተሳትፎ! በጅራፍ የተነዳ፣ በጥይት የተደበደበ ሰው ተሳታፊ ተባለ። ይታረም ብለው አራት ጊዜ ጻፉ፤ አንድም መልስ አላገኙም። ይህን የሠራ ሰው ዛሬ ከለቀስተኛው መካከል ካለ፣ ቤተሰቡ ማዘኑን ብቻ ሳይሆን መቆጣቱንም ይወቅልን።

አቶ ኃይለኢየሱስ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

በዚህ ጽሑፍ የኋላ ገጽ ፎቶግራፋቸውን የምትፈልጉ አታገኙትም። «የኔን ፎቶ ተዉት፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል» ብለው ገጹን ለአሥራ አራቱ ሰጥተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን መልካቸውን እንኳ ከማያውቁት አባታቸው ጋር ያገናኝልን። አሁን እባካችሁ ቁሙልን፤ ስማቸው ይነበባል።

ወንድይራድ ብሩ፣ የክርስትና ስማቸው ገብረአብ…