የመዘዝ ጉልበት

መስከረም 14
ጠዋት ጋጣ፣ ከሰዓት ክሊኒክ። የሁለት ፈረስ ጥርስ ሞረድኩ፣ አንዱ ረገጠኝ። ጭኔ ጠቁሯል።
መዘዝንም አየሁ። በወረቀት ስሟ ሌላ ነው፤ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ግን መዘዝ ነው የምንላት። በሚያዝያ ከቀኝ ጉልበቷ ቁራጭ አጥንት ያወጣሁላት ባዝራ። ጠባሳው ምስር አያክልም። ጉልበቷ ቀዝቃዛ፣ እብጠት የለውም። በሶምሶማ አስሮጥናት፣ አላነከሰችም።
ወንድሜ ልጓሟን ይዞ፣ "እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ። በኅዳሩ ውድድር የምጋልባት እኔ ነኝ" አለ።
"እሱን አሠልጣኙ ይወስናል።"
"እሱማ አንቺን ነው የሚጠብቀው።"
አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ሌላ ጋጣ ፈረስ የሚሰጠው የለም። ይህች ካለፈችው ሌላ የለችም።

መስከረም 22
ጉልበቷ አሁንም ቀዝቃዛ። ታዲያ ለምን ደስ አይለኝም? ስትዞር ቀኝ እግሯን ቶሎ የምታነሳ መሰለኝ... ወይስ ዓይኔ ነው?
አሠልጣኙ ሳቀብኝ። "ዶክተር፣ አንቺ እኮ ለጤነኛም በሽታ ትፈልጊለታለሽ።"

መስከረም 23
በምሳ ሰዓት ተመልሼ ዳበስኩት። ቀዝቃዛ።

ጥቅምት 1
ክሊኒኩ መብራት ጠፍቶ የማለዳው ቀጠሮ ተሰረዘ። ከልማዴ ቀድሜ ጋጣ ሄድኩ። ፈረሶቹ ከልምምድ መመለሳቸው ነው፣ ላባቸው ገና አልደረቀም። ወንድሜ የውሃውን ጎማ እየጎተተ ወደ መዘዝ ይመጣል።
"ቆይ" አልኩት። ጉልበቷን ያዝኩ። ትኩስ። የግራውን ያዝኩ፣ ደህና ነው። ወደ ቀኙ ተመለስኩ። ትኩስ።
እዚህ ማንኛውም ፈረስ ከሩጫ ሲመለስ እግሩ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቀቅበታል። ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ሁልጊዜ የምደርሰው ከውሃው በኋላ ነው። ስዳብስ የከረምኩት ውሃውን እንጂ ጉልበቷን አይደለም። እንዴት አላሰብኩትም?
"ታውቅ ነበር?"
"ሁሉም ይሞቃል እኮ፣ እትዬ።"
"ግራው አልሞቀም።"
ጎማውን መሬት ላይ ጣለው። ጫማዬ ራሰ።

ጥቅምት 2
ራጅ አነሳሁ። ቁራጩን ካወጣሁበት ዝቅ ብሎ፣ ሌላኛው አጥንት ላይ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። በግልቢያ መሀል ለሁለት ይከፈላል። እሷ ትወድቃለች። ላይዋ ያለውስ...
አሠልጣኙ ራጁን አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ወንድሜ ግን፣ "ሁለት ደቂቃ ነው እኮ ውድድሩ! ሁለት ደቂቃ ዝም ብትዪ ምን አለ?"
"ዝም አልልም።"
"ደግሞ እህት ነሽ!" ብሎኝ ወጣ።

ጥቅምት 5
ሰመመን ሰጥተን የተሰነጠቀውን አጥንት በብሎን አሰርኩ። ጉልበቷ ውስጥ ባስገባሁት ቀጭን ካሜራ ሳይ ስንጥቁ ገጠመ።

ኅዳር 20
ውድድሩ ዛሬ ነበር። አልሄድኩም። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም። እናታችን፣ "ልጄን ምን አድርገሽው ነው?" አለችኝ። እኔስ የማን ልጅ ነኝ?

ጥር 9
መዘዝ በእርምጃ ብቻ እንድትንሸራሸር ፈቀድኩ። የሚስባት ወንድሜ ነው። ሰላም አላለኝም። ግን መታጠፊያው ላይ ቀስ አድርጎ ነው የሚያዞራት።

መጋቢት 30
አጥንቱ ገጥሟል። ሶምሶማ ተፈቀደ።
"ነገ ከውሃው በፊት ነይ" አለኝ ወንድሜ። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ።

ሰኔ 18
ተወዳደረች። የጋለባት ሌላ ሰው ነው። ወንድሜ አሁን የአሠልጣኙ ረዳት ሆኗል፤ ኪሎም ጨምሯል፣ ሚስቱ ደስ ብሏታል። አጥሩ ጋ አብረን ቆምን።
"እኔ ብሆን በውስጥ በኩል ነበር የማስገባት።"
"ዝም ብለህ እይ።"
እሱ በጋለበባቸው ዓመታት ሁሉ መጨረሻው ላይ ዓይኔን እጨፍን ነበር። ማን እንደቀደመ የማውቀው ከሰው ጩኸት ነው። ዛሬ እስከ መጨረሻው አየሁ። ዞር ስል ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኗል፣ አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ።
"አለቀ?"
"አለቀ። ሦስተኛ።"
"እግሯስ?"
"በአራቱም ነው የቆመችው።"
ከዚያ ዓይኑን ገለጠ።