ጎማ የሚያዳምጠው ሹፌር

አብሮ አደጌ፣ ይህችን ፖስት ካርድ በንዴት ነው የምጽፍልህ። የአውቶብሳችን ሹፌር በቆምንበት ሁሉ ወርዶ ጎማውን በመዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። እኛ ደግሞ "ሐኪም ነህ እንዴ? ንዳው እንጂ፣ አረጀን እኮ!" እያልን እንጮህበታለን። ዛሬ ገደል አፋፍ ላይ ቢመታው ድምፁ አላማረውም፤ ጎማው ሊወልቅ አንድ ብሎን ቀርቶታል። እስኪጠግነው ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። "ተመስገን" ያለ አንድ ሰው የለም! ተአምር ፍለጋ የሚጓዙት፣ አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ እንኳ "ቀኔን በላብኝ" ብለው ረገሙት። ተአምሩ እኮ እጁ ግሪስ በግሪስ ሆኖ ፊታቸው ቆሟል! ምን ዋጋ አለው፣ ቀድሜ የጮህኩት እኔው ነኝ።

አባትህ ከበር እየተመለሱ የቡታጋዙን ቁልፍ መዘጋቱን ለማረጋገጥ ሦስቴ ሲነኩ ስንስቅባቸው ትዝ አለኝ። ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ከእንግዲህ የሚስቅባቸው ካለ፣ አንተም ብትሆን፣ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው።