ሳይሣል የቀረው በር

ለተከበሩ የከተማችን የቅርስ ምዝገባና የማስዋብ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። አርባ ምንጭ አቧራ በአቧራ ስለሆነች፣ አቧራውን የሚያስነሡትም እርስዎ ስለሆኑ፣ ሳንባዎ እንዲበረታ፣ ዓይንዎም እንዲጠራ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ በሴቻው የድንጋይ ትምህርት ቤት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ሳላመሰግንዎ ብሞት ስለሚቆጨኝ ይህን በአደባባይ ጻፍሁ።

ሠዓሊ ኤርጫፎን ያውቁታል። የከተማችንን አሮጌ ቤቶች ከመፍረስ ለማዳን ዕድሜውን የሰጠ፣ ብሩሽ ከማንሣቱ በፊት ግድግዳውን በመዳፉ የሚዳስስ ሰው ነው። ቅርሶቻችንን በሥዕል እንዲመዘግብ በጠሩት ጊዜ ደስታው ወሰን አልነበረውም። ሥዕሉ ቢሮዎ ሲሰቀል ቤቱ «በምስል ተጠብቋል» ተብሎ እንደሚፈርስ አልነገሩትም፤ ደስታውን ላለማበላሸት እንደሆነ ይገባኛል።

ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1. በሲቀላ ሰፈር የነበረውን፣ የእንጨት ሰገነት ያለውን የነጋዴዎች ማደሪያ የሥዕሉ ቀለም ሳይደርቅ አፍርሰው ስላነሡልን አመሰግናለሁ። በቦታው የቆመውን የቆርቆሮ አጥር እስከ ዛሬ በአድናቆት እንጎበኛለን።

2. ቀጥሎ የቀርከሃው ቤት ነበር። እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደማያውቁት፣ የዶርዜ ቤት ምስጥ ከሥር ሲበላው ከታች እየተቆረጠ፣ ቁመቱ እያጠረ፣ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፤ ቦታ መልቀቅ ካለበትም ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ኤርጫፎ ተሸካሚዎቹን ይዞ በማለዳ ደረሰ። ባለሙያዎችዎ ግን ቤት ደግሞ መቼ ይሄዳል ብለው ሣቁና በማሽን ደፈጠጡት። ሣቃቸው ከልብ ስለነበር ደስ ይላል።

3. ከዚያ ወዲህ ኤርጫፎ ሸራውን ይዞ ባለፈበት ሁሉ ደጅ ይዘጋል። በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የምታለማው ወይዘሮ ጌጤ፣ የአባቷን ቤት ቆሞ ሲመለከት ብታገኘው፣ ጋሼ በሞቴ፣ ፊትዎን ወደ ወንዙ ያዙሩልኝ እያለች ለመነችው። እሱም ዞረላት። ቤቷን ከልቡ የወደደላትን ሰው እንድትፈራ ስላስተማሯት አመሰግናለሁ፤ እኔ በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ የሚገባ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም።

4. በመጨረሻ የእኔ ትምህርት ቤት ተራ ደረሰ። ኤርጫፎ ድንጋዩን፣ መስኮቱን፣ የደወሉን እንጨት ሣለና በሩን ተወው። ሥዕሉ እስካልተፈጸመ ድረስ ቤቱ እንደማይነካ ገብቶት ነበር። ክፍልዎ ሲጠይቀው ክረምት ላይ ቀለሙ አልደርቅ አለ፣ በጋ ላይ ቀለሙ ቶሎ ደረቀ ይላል። በሕይወቴ ሳይጨረስ በመቅረቱ የተደሰትሁበት ሥራ ይህ ብቻ ነው። እርስዎ ግን ሥራ ሲጓተት አይወዱምና፣ ሥዕሉን አስወስደው ለሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ሰጡት። ያም ትምህርት ቤቱን አይቶት ስለማያውቅ የሱቅ የብረት በር ሣለበት። በሳምንቱ ግድግዳው ወደቀ።

ኤርጫፎ ከዚያ በኋላ ቢሮዎ መጥቶ፣ ከሥዕሉ ላይ ያንን የብረት በር ብቻ ልፋቀው ብሎ ፈቃድ ለመነ። ጸሐፊዎ በታላቅ ጨዋነት፣ ቅርስ መንካት በሕግ ያስቀጣል ብላ መለሰችው። ለሕግ ያላትን ክብር አደንቃለሁ። ብሩሾቹ ግን ሳይታጠቡ እንደ ድንጋይ ደርቀዋል፤ እሱም ከቤት አይወጣም።

የምለምንዎ ነገር የለኝም፤ የሚለመንበት ነገር ቆሞ አላየሁም።

እስካሁን ያልተመዘገበና ስለዚህም ያልፈረሰ አክብሮቴን በሁለት እጄ አቀርባለሁ፤

አመለወርቅ ላቀው
ከሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ግንቦት 2004 ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ ለውለታው ሲባል የኤርጫፎን የራሱን መልክ አሥለው በአዳራሽዎ ሊሰቅሉ ማሰብዎን ሰማሁ። ባለቤቱ ኢየሩስ ይህን ከሰማች ጀምሮ ደጇን ቆልፋ ተቀምጣለች። እባክዎ፣ ቢያንስ አንድ ጆሮው ሳይሣል እንዲቀር ይዘዙልን።