ግማሽ ፊቴ

ጥቅምት 14 ቀን 99 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት

ዛሬም ውኃው አመለጠኝ። ልጉመጠመጥ ስል በቀኝ በኩል ሾልኮ ሸሚዜ ላይ። ሌላ ሸሚዝ መቀየር ሊኖርብኝ ነው። ቀኝ ዓይኔ አልከደን ብሎ አደረ። በፕላስተር ለጥፌው ነበር የተኛሁት፤ ጠዋት ፕላስተሩን ትራሱ ላይ አገኘሁት። ዓይኔ ቀይ፣ ደረቅ፣ የሞተ ዓሣ ዓይን። መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።

አንተ ማስታወሻ፣ ሰሞኑን ያልጻፍኩብህ ለዚህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ የፊቴ ቀኝ ጎን ወርዷል። ቅንድቤ አይነሳም። ጉንጬ ተንጠልጥሏል። አፌ ወደ ግራ ተጎትቷል። ሳወራ ምራቄ ይወርዳል። እኔ፣ የሺ፣ የእንግሊዝኛ መምህርት፣ አገጬን እየጠረግሁ።

አከራዬ እትዬ ወርቄ ምች ነው ብለዋል። የዚሁ የቦንጋ ተወላጅ ናቸው፣ ማር ነጋዴ፤ እጃቸው ሁልጊዜ ሰም ሰም ይሸታል። ዳማ ከሴ አሽተው ሊቀቡኝ መጡ። ጣታቸው ጉንጬን ሲነካ ሰውነቴ ተሰበሰበ። የተጸየፍኩት እሳቸውን አይደለም፣ ጉንጬን ነው። ሰው እንዲነካው አልፈልግም። ይቅርታ ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ደሴ ላለችው እናቴ አልደወልኩም። በስልክ ድምፄን ብትሰማ ታውቃለች።

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

ሆስፒታል። ግማሽ ቀን አግዳሚ ላይ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ። ነጠላው ሲንሸራተት አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ልጇን ወደ ሌላ ጎኗ አዛወረችው። እንዳየኋት ስታውቅ ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረች።

ጤና መኮንኑ ወጣት ነው። ቅንድብሽን አንሺ፣ ጉንጭሽን ንፊ፣ አፏጪ ይላል። ምንም የለም። እጅ እግሬንም ፈተነ። ስትሮክ አይደለም አለ። የተቆጣው የፊት ነርቭ ነው፤ አብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ወይ በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ክኒን፣ የዓይን ጠብታ፣ ጠዋትና ማታ መስታወት ፊት ቆሞ ፊትን ማሠራት። እስከዚህ ጥሩ።

ከዚያ እንቅልፍ እንዴት ነው አለ። የለም አልኩ። ምግብስ? እሱም የለም። ከሰው ጋር ትውያለሽ? ነጠላዬን አስተካከልኩ። በራስሽ ያለሽን መተማመን እንዳትለቂ፣ ጥሩ ጥሩውን አስቢ፣ ለሕመሙም ያግዛል አለኝ። ሁለቱም ቅንድቦቹ እኩል ይነሳሉ። ጠላሁት።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ

10ኛ «ሐ» ገባሁ። ፕላዝማ ቴሌቪዥኑ ላይ ያቺ አስተማሪ አለች፣ ከንፈሯ እንደ ማሽን የሚሠራ። እሷ ታስተምራለች፤ ስታቆም እኔ አብራራለሁ። ዛሬ ስታቆም «ፕሮብሌም» ልል ነው። አየሩ በቀኝ በኩል ሾልኮ «ፍሮ…» ሆኖ ወጣ፣ ከምራቅ ጋር። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ወደ ሰሌዳው ዞሬ መጻፍ ጀመርኩ። እስኪደወል ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቀረሁ። ምን እንደጻፍኩ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ር/መምህሩ፣ አቶ ደምሴ፣ ቢሮው አስጠራኝ። ሻይ አስመጣልኝ። ሻይ፣ ለዚህ አፍ። አይዞሽ እህቴ አለ። ለራስሽ ብዬ ነው፣ ለጊዜው ቤተ መጻሕፍት ብትሆኚ፣ ልጆቹም እንዳይረበሹ። ክፍሉን የስፖርት መምህሩ ይይዘዋል። ለነገሩ የሚያስተምረው ፕላዝማው ነው፣ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰው ካለ ይበቃል አለ። እኔ እስከ ዛሬ ማብሪያ ማጥፊያ ነበርኩ ለካ።

ይህን ሁሉ ሲያወራ ጆሮዬን ነው የሚያየው። ፊቴን ላለማየት። እንዲህ ያለ ደግነት ያቅለሸልሻል።

እሺ አልኩ። እሺ ማለቴ ከእሱ ንግግር ይበልጥ አስጠላኝ።

ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ

የመምህራን ሥልጠና። ርዕስ፦ አዎንታዊ አስተሳሰብና ጤና። ከሺሺንዳም ከደካም ትምህርት ቤቶች የመጡ አሉ፤ አበል ስላለው አዳራሹ ጢም ብሏል። አሠልጣኙ ከአዋሳ ነው የመጣው። ቢጫ ክራባት። ሽቶው እስከ በር። በሽታ የሚጀምረው ከሐሳብ ነው ይላል። ደህና ነኝ ያለ ሰው ደህና ነው ይላል። አስነሣንና እጅ ለእጅ አያይዞ ጤነኛ ነኝ፣ እችላለሁ አስባለን። አጠገቤ ያለው መምህር ጉንፋን ይዞታል። እያስነጠሰ ጤነኛ ነኝ ይላል። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ።

ከዚያ አሠልጣኙ አየኝ። ነይ ብሎ ወደ ፊት ጠራኝ። ትከሻዬን ይዞ ወደ ሰዉ አዞረኝ። ተመልከቱ፣ ይህች እህታችን በሕመም ውስጥ ሆና እንኳ ፈገግ ብላለች፣ አዎንታዊነት ማለት ይህ ነው አለ። አጨበጨቡ። መዳፉ ሞቃት፣ እርጥብ።

«ፈገግ አላልኩም» አልኩት። «ፊቴ ተጣሞ ነው።»

ማይኩ ቅርብ ነበር። ሁሉም ሰማ። ጭብጨባው ቆመ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ውጭ ዝናብ። ጃንጥላም አልያዝኩ። ቤት እስክደርስ በስብሼ ውኃ ሆኛለሁ።

ሰውዬውን ተጸየፍኩት። ሕመሜን ወስዶ ለራሱ ትምህርት ጌጥ አደረገው። ቆይ ግን፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ያን ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። «ፈ»ዋ ተበላሽታ ነው የወጣችው። ግን ወጣች።

ጥቅምት 29፣ ረቡዕ

ቤተ መጻሕፍቱ የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል። የሚመጣ ሰው የለም። ጠዋት እገባለሁ፣ ማታ እወጣለሁ፣ የተናገርኩት ቃል የለም። «ለራስሽ ብዬ ነው» የተባልኩት ይህ ነው።

ማታ ክፍሌ ውስጥ ወደ ግድግዳው ዞሬ ቆጮ በጎመን እበላለሁ። ጎመኑ ከአፌ ይወድቃል፣ አነሣለሁ፣ ይወድቃል። እትዬ ወርቄ ሳያንኳኩ ገቡ። አዩኝ። ሳህኑን ከፊቴ አንስተው ወጡ። ተናድጄ ተከተልኳቸው። ሳሎናቸው ውስጥ አንዲት ጎረቤታቸው ተቀምጣለች። ሳህኔ ከእነሱ ምግብ ጋር ጠረጴዛው ላይ ነው። ልመለስ አሰብኩ። ርቦኝ ነበር። ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ጉርሻ ላይ ጎመኑ ወደቀ። ጎረቤትየዋ አየች፣ እሳቸውም አዩ። ፎጣ ወረወሩልኝና ወሬያቸውን ቀጠሉ፦ ከማንኪራ የመጣላቸው ማር ውኃ ገብቶበት ስለ ነበረ፣ ያመጣውን ሰው ምን እንዳሉት። ከጎረቤታቸው ጋር በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ያወራሉ፤ ወደ እኔ ሲዞሩ በአማርኛ። ስለ ፊቴ ማንም አላነሣም። አንዴ ብቻ፣ እጄን ለማንሣት ሳመነታ አይተው።

«ተደብቀሽ ስትበዪ ነው የከሳሽው» አሉኝ። «እዚህ ይውደቅ። ቤቱ ይጠረጋል።»

ጥግብ እስክል በላሁ። ከታመምኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አሁን እንቅልፌ መጥቷል።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

መስታወቱን መልሼ አዙሬዋለሁ። ጠዋትና ማታ ፊቱ እቆማለሁ። ቅንድብ፣ ጉንጭ፣ ከንፈር። ከዚያ ከንፈር የሚያስገጥሙ ቃላት፦ ፓፓያ፣ ባቡር፣ ማማ። አስቀያሚ ነኝ። ይህን ላንተ አልዋሽም። ግራዬ ሲስቅ ቀኜ የሞተ ሰው ይመስላል። ጤነኛ ነኝ አልልም። የምለው፦ ፓፓያ።

ዛሬ የላይኛው ከንፈሬ ጥግ ትንሽ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ደገምኩ። ምንም። ወይ መብራቱ ነው ወይ ምኞቴ።

ከሰዓት አስካለች ቤተ መጻሕፍት መጣች። የ10 «ሐ» ተማሪ ናት፣ ከደካ መጥታ እዚህ ክፍል ተከራይታ የምትማር። መጽሐፍ ፈልጋ መስሎኝ ነበር። ቲቸር መቼ ነው የምትመለሺው አለችኝ። ፕላዝማው ይሮጥባቸዋል። ሲያቆም የስፖርት መምህሩ ጋዜጣ ያነባል። ብሔራዊ ፈተናውን ከወደቀች አባቷ ወደ ደካ ይመልሷታል፣ የሚጠብቃትም ትዳር ነው። ልጆቹ ይስቁብኛል አልኳት። አዎ ይስቃሉ አለች። እሷም ስቃ ነበር፤ ነገረችኝ። አፍራ መሬት መሬቱን እያየች ነው የነገረችኝ። አይስቁም ብላ ብትዋሸኝ ኖሮ አስወጣት ነበር።

ኅዳር 11፣ ሰኞ

በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ታገሠው።

ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ መብራት ጠፋ። ፕላዝማዎቹ በሙሉ ሞቱ። የ10 «ሐ» ጫጫታ ቤተ መጻሕፍት ድረስ ይሰማል። ብቅ ብዬ አየሁ። የስፖርት መምህሩ ሜዳው ዳር ፀሐይ ይሞቃል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ትከሻውን ነቀነቀ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ አላሰብኩም። ገባሁ።

ፀጥ አሉ። ከሣቁ ይልቅ ፀጥታው ከበደኝ። በር ላይ ልመለስ ነበር።

«ከንፈሬ ታሟል» አልኳቸው። «‹ፕ› ስል አየር ያመልጠኛል። መሳቅ የሚፈልግ አሁን ይሳቅ፣ እጠብቃለሁ። ከዚያ መጽሐፋችሁን ትገልጣላችሁ።»

ጥቂቶቹ እውነትም ሳቁ። ቆሜ ጠበቅሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ብቻውን የሚሳቅ ሣቅ ቶሎ ያልቃል ለካ። ከዚያ አስተማርኩ። ያለ ፕላዝማ፣ በጠመኔ፣ እንደ ድሮው። «ፕሮብሌም» አልኩ፤ ተበላሸ። ከንፈሬን በጣቴ ደግፌ ደገምኩት፤ ወጣ። ምራቄ ሲወርድ ጠረግሁ። አንዱ ጥያቄ ጠየቀ፣ ሌላው ተከራከረው። ሲደወል ፊት እንዳለኝ ረስቼው ነበር።

አቶ ደምሴ በር ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እንጃ።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

አቶ ደምሴ ቢሮ። ዛሬ ሻይ የለም። ቤተ መጻሕፍት ተመድበሽ ሳለሽ ያለ ፈቃድ ክፍል መግባት ሥርዓት አይደለም አለ። አንድ ወላጅ ቅሬታ አቅርበዋል አለ፤ ማን ናቸው ስለው አልነገረኝም። ድጋሚ ከገባሁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠኛል። ለእኔው ጤና ሲል ነው። ጤና የሚለው ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሲወጣ መታጠብ ያምረኛል። ዛሬም ጆሮዬን ነው የሚያየው። ተነሥቼ ወጣሁ።

ኅዳር 15፣ ዓርብ

ሆስፒታል። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ተቀመጥኩ። ያየኝ ያየኛል።

ጤና መኮንኑ ቅንድብሽን አንሺ አለ። ተነሣ። እንደ ግራው አይደለም፤ ግን ተነሣ። ዓይኔም ሊገጥም ትንሽ ቀርቶታል። ክፍል መግባቴን ነገርኩትና በዚያ ምክንያት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አዎ ብሎ እንዲያሞግሰኝ እየጠበቅሁ፣ አዎ ካለም ልጠላው ተዘጋጅቼ። አላውቅም አለኝ። ነርቩ የራሱ ጊዜ አለው። ግን አሁን ትተኛለሽ፣ ትበያለሽ፣ ከሰው ጋር ትውያለሽ፣ ፊትሽን ታሠሪያለሽ፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው እነዚህን አያደርግም አለ። ልልሽ የፈለግሁት ያኔም ይህን ነበር አለኝ። እንዲህ ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ ያኔም እሰማው ነበር።

ኅዳር 17፣ እሑድ፣ ከሰዓት

እናቴ ጋ ደወልኩ። ድምፄን ሰምታ አለቀሰች። እስክትጨርስ ጠበቅኳትና ሁሉንም ነገርኳት። ደሴ ነይ፣ እስኪሻልሽ አርፈሽ ተቀመጪ አለች። አይ አልኳት።

ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። የአሠልጣኙ ፈገግታ አሁንም ያስጠላኛል፣ የአቶ ደምሴ አይዞሽም። ደህና ነኝ በሉ የሚሉት ደህና ያልሆነውን ሰው ማየት ስለሚቀፋቸው ይመስለኛል። እኔም ያን ሰሞን ከእነሱ አልተሻልኩም፤ ራሴን ማየት ቀፎኝ ነበር። አሁንም አምሮብኛል አልልህም። ግን ሰኞ ዕለት እዚያ ሰሌዳ ፊት እንደምችል አውቄአለሁ። ይህን ማንም አላስባለኝም።

ማስጠንቀቂያውን ይጻፍ። እፈርምለታለሁ፣ ከሥሩም መልሴን እጽፋለሁ። ፊቴ ሙሉ በሙሉ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። ተጣሞ ከቀረም ሌላ ፊት የለኝም፤ የማስተምረው በዚሁ ነው። ነገ በሁለተኛ ክፍለ ጊዜ 10 «ሐ» እገባለሁ።