ዋግ የያዘው ሣሬ

ሐምሌ 19፣ ጠዋት 1፡00
ግቢያችን ያሉትን የመመረቂያ ጥናቴን ባልዲዎች አጠጣሁ። ሁሉም የቀለም ባልዲ፣ ሁሉም ሣር። ግማሹ ዩሪያ የበላ፣ ግማሹ ማዳበሪያ ያልነካው ባዶ አፈር። ሁሉም ላይ ሁለት የፈንገስ በሽታ ለቅቄያለሁ፦ ዋግና የቅጠል ነጠብጣብ። ማስታወሻዬ፣ ዋጉ ወጣ! ዩሪያ የበላው ላይ ብርቱካንማ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ነጠብጣብ ግን እዚያ የለም ማለት ይቻላል። ባዶው አፈር ላይ ደግሞ ነጠብጣብ ብቻ። ሁለቱ በሽታዎች ተገፋፍተው ነው ወይስ ማዳበሪያው ነው የለያቸው? አማካሪዬ ዶ/ሩ አንዱን በሽታ ተዪና ዘንድሮ ተመረቂ ይሉኛል። እማዬም ምርቃቴን ለጎጃም ዘመድ ሁሉ ነግራለች። ሁለቱንም በሽታ አልተውም።

ሐምሌ 27፣ ማታ
ጉድ ሆንኩ። ዛሬ የመድኃኔ ዓለም ጽዋ ማኅበር ተራው የእኛ ነው። ከካምፓስ ስመለስ ዩሪያ ከበሉት ባልዲዎች ግማሾቹ ተላጭተዋል። ሳሎን ገባሁ። ጥናቴ ወለሉ ላይ ተጎዝጉዟል፣ ማኅበርተኛው እግሩን ዘርግቶበት ይጫወታል። እማዬን ጓዳ ጎትቼ ምን ሆነሽ ነው አልኳት።
«ግቢ ሙሉ ሣር እያለ ቄጠማ ልግዛ እንዴ?»
እንግዳ ፊት አይለቀስ፣ ጓዳ አለቀስኩ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ሲወጡ የነጠላቸው ጫፍ ብርቱካንማ ሆኗል። እያራገፉ፣ ሣርሽን ያለምልምልሽ ብለው መረቁኝ። እያለቀስኩ ሳቄ መጣ።

ሐምሌ 28
ዶ/ሩ ደወሉ። በተረፈው ጻፊና ተገላገይ አሉ። እሺ አልኩ። ጉልበቱም አልቆብኛል።

ነሐሴ 9፣ ጠዋት
ማስታወሻዬ!!! የታጨደው አቆጥቁጧል። ያው አፈር፣ ያው ዩሪያ። ዋግ ስጠብቅ ነጠብጣብ! ሥሩ ላይ ከቀረው አሮጌ ቅጠል ተነሥቶ አዲሱን ቀድሞ ያዘው። ዋጉ ዘግይቶ መጣ፣ ቦታ አጣ። ያልታጨደው ላይ ግን ዋጉ አሁንም እንደ ነገሠ ነው። ስለዚህ የሚወስነው ማዳበሪያው ብቻ አይደለም፣ ማን ቀድሞ እንደ ገባም ነው! ግቢው ውስጥ ዘለልኩ። እማዬ ምን ነካት ብላ ስትወጣ አቅፌ ሳምኳት። እስካሁን ተኳርፈን ነበር።

ነሐሴ 10
ዶ/ሩ ያነሣሁትን ፎቶ አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩ! ግን በአጋጣሚ አንዴ የታየ ነገር ማስረጃ አይሆንም አሉ። ልክ ናቸው። ሆን ተብሎ መደገም አለበት፣ ታጭዶና ሳይታጨድ፣ በዩሪያና ያለ ዩሪያ። ይህ ማለት ምርቃቱ ለከርሞ ነው። ወይም ያለኝን ጽፌ ዘንድሮ እጨርሳለሁ፣ ስላየሁት ምንም ሳልል።

ነሐሴ 12
ወሰንኩ። ዘንድሮ አልመረቅም። ለእማዬ ነገርኳት፣ ሣሩ ሆን ተብሎ እንደገና መታጨድ እንዳለበትም። ፊቷ ጠቆረ፣ ለጎጃም ዘመድ ምን ልበል አለች። ቆይታ ወደ ባልዲዎቹ ሄደች፣ ሣሩን በእጇ ዳሰሰችው።
«እንግዲህ ማጨዱን ለእኔ ተዪልኝ» አለች።