ባዶ እጁን የማይመልሰው ላይብረሪ

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 1989

ዛሬም ቢሮ ጠረግሁ፤ ከዚያ ዊልስደን ወዳለው ቤቴ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት። ደግፌ ደወለ። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባለው ሰፈር ያለው የሕክምና ላቦራቶሪ ፕሮግራማችንን የሚያየው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው። ከወደዱት እኔ መጥረጊያውን፣ እርሱም የመኪና ማቆሚያ ጥበቃውን እንተዋለን። ካልወደዱትስ?

ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ደግፌ ሐኪሙ የሚያየውን ገጽ ይሠራል፤ እኔ ከላቦራቶሪው ዋና ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረውን ክፍል። ላይብረሪ ይሉታል። የደግፌ ገጽ የናሙናውን ቁጥር ይሰጠዋል፤ የእኔው ሄዶ የምርመራውን ውጤት ይዞ ይመለሳል። ቀላል ይመስላል... ዋናው ኮምፒውተር ሲያሻው ይመልሳል፤ ሲያሻው ዝም ይላል። መመሪያው ስለ ዝምታው አንድ ቃል የለውም።

«ዘርይሁን፣ የላክሁት ሁሉ ባዶ እጁን እየመጣ ምኑን ለሰው አሳያለሁ?» አለኝ ደግፌ። እውነቱን ነው። የጠየቀን ሰው ባዶውን መስደድ ነውር ነው። አስተካክለዋለሁ አልሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አስተካከልሁት። ባዶ መምጣት ቀረ። ደግፌ ደስ አለው።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ተጣላን። በአንድ ጎረምሳ ስም የነፍሰ ጡር ሴት ውጤት ወጣ። ለሙከራ የፈጠርናቸው ስሞች ናቸው፤ ቢሆንም... እኔ የተሳሳተው ያንተ ገጽ ነው አልሁ፤ እርሱ ያንተ ላይብረሪ ነው አለ። ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታ ድረስ ጮኽን። በመጨረሻ ደግፌ፦

«ድሮስ ከአራተኛ ክፍል ምን ይጠበቃል?»

አራት ዓመት ብቻ መማሬን በዚህ በእንግሊዝ አገር የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው። አምኜው ነግሬው ነበር። በሩን ከፈትሁለት፤ ወጣ። ጥፋቱ የእኔ ቢሆንስ? አይሆንም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ከቅዳሴ በኋላ አቶ መኩሪያ ሼፈርድስ ቡሽ ቤታቸው ጠሩን። ሁለታችንን ያስተዋወቁን እርሳቸው ናቸው። ለኮምፒውተር ሽማግሌ ተቀመጠ ብል ማን ያምነኛል? ጥል ያው ጥል ነው አሉ። ሁለታችንንም ሰሙን።

«ይህ የምትሉት ነገር የማን ጥፋት እንደ ሆነ አላውቅም። ወንድሙን የሰደበውን ግን ዐውቄዋለሁ።»

ደግፌ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊይዝ ሲል አነሣሁት። ከስድቡ ጋር የውጤቱን መቀያየር ጥፋትም በራሱ ላይ ወሰደ፤ ገጹን እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ አለ። አቶ መኩሪያ መረቁን። ነገሩን ዳግመኛ የሚያነሣ ዕርቅ አፍራሽ ነው ብለው ዘጉት።

ለምን ደስ አላለኝም?

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ደግፌ እንቅልፍ አጥቶ ገጹን እንደ አዲስ ጻፈው። ውጤቱ አሁንም ይቀያየራል። እርሱ ገና አላየም። እኔ አየሁ።

የእኔ ነው። ዋናው ኮምፒውተር ዝም ሲል፣ ላይብረሪዬ ባዶ እጁን ላለመመለስ ሲል ቀደም ብሎ የተቀበለውን ውጤት ይሰጣል። ስሞክረው ያንኑ አንድ ቁጥር ደጋግሜ ስለ ጠየቅሁ ሁሉም ልክ ሆኖ ታየኝ። ሌላ ቁጥር ሲጠየቅ ግን የሚሰጠው የሌላ ሰው ደም ነው...

ካስተካከልሁት ዓርብ ዕለት ገጹ ባዶ እየሆነ ይቆማል። ከተውሁት ገጹ ያምራል፤ ዕርቁም ይጸናል። የታመመው ሰውስ?

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ደግፌ ዘንድ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄጄ ነገርሁት። ቲኬት በሚቆርጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆመን። 

«በሽማግሌ ፊት ተዘግቷል አይደል እንዴ?»

ከአንተ ጋር ታርቄአለሁ፣ ፕሮግራሙ ግን አሁንም ይሳሳታል አልሁት።

«ታዲያ እኔ በሰው ፊት ጎንበስ ያልሁት ለምኑ ነው?»

ለስድቡ ነው ልለው አሰብሁ። ተውሁት። ነገን ብቻ እንለፍና ከዚያ ታስተካክለዋለህ አለኝ። ከወደዱት እኮ ሰኞ በእውነተኛ በሽተኛ ላይ ይጀምሩበታል። እምቢ አልሁ። ለደግፌ እምቢ ብዬ አላውቅም ነበር። አንድ መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ ሊያስገባ ወጣ፤ እኔ እያለሁ አልተመለሰም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

በአንድ አውቶቡስ ሄድን፤ ሳንነጋገር። ገጹ «ውጤቱ አልደረሰም» እያለ በየመካከሉ ቆመ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ሰዓቷን አየች፤ ለምን ይቆማል ብላ ጠየቀች። በእንግሊዝኛ የሚያስረዳው ሁልጊዜ ደግፌ ነው። ዛሬ አፉን አልከፈተም። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ኮምፒውተራችሁ ካልመለሰልን ገምተን አንሰጥም አልሁ። ፈገግ አለች... ወይስ መሰለኝ? እንጽፍላችኋለን ብላ ሸኘችን።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

አልወሰዱትም። ፈጣን ነው የተባለ የሌላ ድርጅት ሥራ መርጠዋል። ጠዋት እንደ ወትሮው ቢሮ ጠረግሁ።

ማታ በሩ ተንኳኳ። ደግፌ። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም ነበር። አቶ መኩሪያ ልከውህ ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ማንም አልላከኝም አለ። ኮቱን ሳያወልቅ ቆመ። አንድ ሌላ ላቦራቶሪ አነጋግሬአለሁ፣ የእነርሱ ኮምፒውተር ከዚያኛው የባሰ ነው አለ። የእነርሱን ኮምፒውተር መመሪያ ቅጂ ከብብቱ አውጥቶ አንድ መሥመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይኼ ምን ማለት ነው?»

ደጋግሜ አነበብሁት። ድሮ ቢሆን የሆነ ነገር እመልስለት ነበር።

«አላውቅም» አልሁት።

«እኔም» አለና ወንበር ሳበ።