ኩሽናዋ ከኋላ የሆነች ተሳቢ ቤት

የሺዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። ያለሽበትን የሚያውቀው እሱ ነው፤ እኔ ደህና ነሽ ብዬ ይዤዋለሁ። ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ሙት ዓመትሽን አሳምረን አውጥተናል፤ ሰው በልቶ ጠጥቶ ነፍስ ይማር ብሎ ሄዷል፤ የሚያሳማን ነገር አልነበረም። እኔ ጉልበቴ ካልሆነ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤ የምትጽፊው አንቺ ነበርሽ፣ እኔ ከሥር ፈርም ስትይኝ ነበር የምፈርመው። የኔ እጅ ለመሪ እንጂ ለእስክሪብቶ አልተፈጠረም። ፊደሉን እየፈለግኩ ነው የምጽፍልሽ፣ ቢጣመምም ዝም ብለሽ አንብቢ። ልጅሽ ሶስና ለማኅበርተኞችሽ እናንብበው ትላለች። ያንብቡት። የምደብቀው የለኝም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ሰፈራችን ዋይት ሲቲም እንዳለች ናት። ሊፍቱ ተሠርቶ ደግሞ ተበላሽቷል። አከራያችን ካውንስሉ መስኮቱን ቀይሮልን አሁን ንፋሱ አያፏጭም፤ አንቺ ስትጨቃጨቂያቸው ኖረሽ እነሱ የመጡት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። ጋቢሽ ታጥቦ ሶፋው ላይ ነው፤ ስለ እሱ እነግርሻለሁ። ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ የለጠፍነው ፕላስተርም አለ። ሶስና ልትነቅለው ስትል ተቆጣሁ።

ጡረታ በወጣሽ ሰሞን ነበር። ከአውቶቡስ መስኮት መኪና የሚጎትታት ትንሽ ነጭ ቤት አይተሽ መጣሽ። ካፖርትሽን ሳታወልቂ "የሰው ቤት ሳጸዳ ኖርኩ፣ አሁን ይዤው የምዞረው ቤት ይኑረኝ" አልሽኝ። ባሕሩን በየዳርቻው እንዞራለን ተባባልን። እኔ ሜትር ይዤ ተንበርክኬ፣ አንቺ ፕላስተሩን በጥርስሽ እየበጠስሽ፣ የቤቲቱን ቅርጽ ምንጣፉ ላይ ለጠፍን። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋነው። ከዚያ ውስጧ ገብተን እንደ ልጅ እቃ እቃ ተጫወትን። መተላለፊያው ላይ ስንገናኝ አንዳችን ካልተጠጋን ሌላችን አናልፍም ነበር። "ሆድህን ሳብ አድርግ አንተ ሰውዬ" ትይኝ ነበር።

ርዝመቷ ላይ ተጣላን። አንቺ ረዘም ትበል፣ እንግዳ ቢመጣስ አልሽ። እንግዳ ሽሽት አይደል እንዴ የምንሄደው፣ አልኩሽ። አልጋው ላይ ደግሞ ክፉኛ ተጣላን። እኔ አንድ ሰፊ አልጋ ከፊት በኩል አግድም ይሁን ስል፣ አንቺ ሁለት ጠባብ አልጋ ግራና ቀኝ ይሁን አልሽ። ሌሊት ለጸሎት ስነሳ አንተን ረግጬ ልለፍ ወይ? አልሽ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ አልጋ ላይ የተኛ ሰው በስተርጅና ሲለዩት ደስ አይለውም፤ አኮረፍኩና ዘጋሁሽ። በሽንት ቤቱ ብቻ ተስማማን። እህል በሚበላበት ቤት ውስጥ እንኳን ሽንት ቤቱ ስሙም አይነሳ አልን። ሥዕለ አድኅኖውን በምሥራቅ በኩል እንሰቅላለን አልሽና ቆም ብለሽ አሰብሽ። "ቤቱ ይዞራል እኮ!" አልሽ። "ወደ ምሥራቅ አዙሬ አቆማታለሁ፣ ሹፌር አይደለሁም?" አልኩሽ።

ያልታረቅንበት ኩሽናው ነው። እኔ ከኋላ ከመስኮቱ ሥር ይሁን፣ የሽንኩርቱ ሽታ ከአልጋው ይራቅ አልኩ። አንቺ መሃል ላይ፣ ልክ ከጎማው በላይ አልሽ። ባተርሲ ለሥራ ስትመላለሺ አውቶቡስ ኋላ ተቀምጠሽ አታውቂም፤ ኋላው ይንጠኛል፣ ያጥወለውለኛል እያልሽ መሃል ነበር የምትቀመጪው። "ድስቴም እንደኔ ነው፣ ኋላ አይቀመጥም" አልሽ። ሳቅኩብሽ። የአሰብን መንገድ በተሳቢ የተመላለስኩ ሰው፣ ስለ ጭነት ከድስት አልማርም ብዬ ፕላስተሩን ከኋላ ለጠፍኩት።

ከዚያ ታመምሽ። የሆስፒታሉ ሰዎች የሕመምተኛ አልጋ ሳሎን ሲያስገቡ፣ የፕላስተሩ መስመር ውስጥ ይግባ አልሽ። ሰዎቹ አልገባቸውም፤ እኔ ነኝ ገፍቼ ያስገባሁት። ከዚያ መስመር አልወጣሽም።

አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ሶስና ዓይኗን መኪናዬ ቁልፍ ላይ ጣለች። አባዬ ዓይንህ ደክሟል፣ አባዬ ክሮይደን እኛ ጋ ና፣ ኋላ ያለችው ክፍል ላንተ ናት። ክፍሏን አየኋት። ንጹሕ ናት። የልብስ መስቀያ ያስቀመጡባት ናት። እኔ ልብስ አይደለሁም አልኳት። መንጃ ፈቃዴን አድሻለሁ፣ ዓይኔንም አስመርምሬያለሁ፤ ደግሞ ካንቺ ጋር የጀመርኩት ነገር አለኝ።

በፋሲካ ማግስት ተሳቢዋን ገዛኋት። እዚህ ካራቫን ይሏታል። ከክሮይደን ወጣ ብሎ የሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ነው ያገኘኋት። አልጋው ባንቺ ቃል፣ ግራና ቀኝ ሁለት። ኩሽናው በኔ ቃል፣ ከኋላ። እኩል የተካፈልን መስሎኝ ነበር። ለሶስና የነገርኳት ከገዛሁ በኋላ ነው። መጥታ በሩን ከፍታ አየች፣ ፊቷ ተለዋወጠ። "አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ሁለት አልጋ ማን ሊተኛበት ነው?" አለችኝ። ጋቢሽን አውጥቼ አንዱ አልጋ ላይ አነጠፍኩት።

በመጨረሻ ተደራደርን። አንድ ጊዜ አብራኝ እስከ ባሕሩ ትሄዳለች። ደህና ከደረስን ስለ ቁልፍ ሁለተኛ አታነሳብኝም። ከፈራች ግን እዚያው ቁልፉን አስረክባታለሁ፤ መኪናዋም ተሳቢዋም ይሸጣሉ፣ እኔም ክሮይደን ኋላ ክፍል እገባለሁ። "ማልልኝ" አለች። ድሮ የሺ ትሙት ብዬ ነበር የምምለው። አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት። በአፈርሽ ማልኩላት።

የሸጠልኝ ሰውዬ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ፣ ከጎማው በላይ አድርግ ብሎኝ ነበር። እሺ እሺ ብዬ አሰናበትኩት። ጠዋት ጠበል ሳትቀምሺ ምንም እንደማትቀምሺ አውቃለሁና፣ ላንቺ ብዬ ሦስት ጀሪካን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን አስቀድቼ ነበር። ጠበል ደግሞ እግር በሚረግጠው ወለል ላይ አይቀመጥም። ከቤቱ ሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ከኩሽናው በላይ ያለው መደርደሪያ ነው። ወጣሁና እዚያ ላይ ደረደርኩት፣ በገመድም ጠፈርኩት። አሰብ መንገድ የጫንኩት ስሚንቶ ነው፣ ጠበል ጭኜ አላውቅም።

ሶስናን ክሮይደን ላይ አነሳኋት። ቀበቶዋን አሰረችና ዓይኗን ስፖኪዮው ላይ ተከለች። ገና ከከተማ ስንወጣ መሪው እጄ ላይ ቀለለብኝ። ሹፌር ያውቀዋል፤ ኋላ ሲከብድ የመኪናው አፍንጫ ይነሳል። አወቅኩት። ግን ምን ብዬ ልናገር? በአፈርሽ ምያለሁ። መሪውን ጠበቅ አድርጌ ነዳሁ። ሶስና ሬዲዮኑን እንኳ አልከፈተችውም።

ባሕሩ ዳር ወዳለችው ብራይተን ወደሚወስደው ሰፊ መንገድ ገባን። ቁልቁለት ጀመረ። ትልቅ ሎሪ በቀኛችን አለፈና ነፋሱ ገፋን። ተሳቢዋ ኋላዋን አንድ ጊዜ ወዘወዘች። ደገመች። ከዚያ መኪናውንም ይዛው ትሄድ ጀመር፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እየባሰች። ሶስና በስፖኪዮው ቤቲቱ ከጎናችን ብቅ ስትል አየችና "አባዬ ፍሬን! ፍሬን ያዝ!" ብላ ጮኸች። ፍሬን ብይዝ ታጥፋ ትገለብጠን ነበር። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ልጄን ይዤ ወደ አንቺ የመጣሁ መሰለኝ፤ እውነቴን ነው የምልሽ። አንቺ ስትታመሚ እንደጸለይኩት አልጸለይኩም፣ "የሺ ያዢልኝ" ብቻ አልኩ፣ ይህ ጸሎት ይሁን አይሁን አላውቅም። ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲመጣ ውዝዋዜው ቀዘቀዘ። እየተንፏቀቅኩ በመጀመሪያው መውጫ ወጣሁና ነዳጅ ማደያ ጥግ አቆምኩ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ከዚያ ሶስና እጇን ዘረጋች።

ሰው ፊት ተሸንፌ አላውቅም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ግን የማልኩት በአፈርሽ ነው። ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ።

ወርዳ ተሳቢዋን ከፈተች። ተከትያት ገባሁ። አንዱ ጀሪካን ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። "ይሄን ሁሉ ውሃ እላይ የሰቀለው ማነው?" አለች። ውሃ አይደለም፣ ጠበል ነው አልኳት። "ታዲያ በጠበል ልትገድለን ነው?" አለችና አፏን በእጇ ያዘች። እግር በሚረግጠው ላይ እንደማይቀመጥ ነገርኳት። ጀሪካኑን አየችው። "እማዬ መሃል ላይ፣ ከጎማው በላይ ስትልህ አልነበር?" አለችኝ። ለካ ያኔ ወጥ ቤት ሆና ትሰማን ነበር። የጀሪካኑን ገመድ መፍታት ጀመርኩ።

ከዚያ ምን አደረገች መሰለሽ? ባንቺ አልጋ ላይ ያነጠፍኩትን ጋቢሽን አነሳች። አራት አድርጋ አጠፈችና መሃል፣ ከጎማው በላይ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አውርደን እዚያ ላይ አቆምናቸው፣ በገመዱም አሰርናቸው። "ጋቢ ላይ ማን ይረግጣል? በቃ፣ ከእግር በላይ ነው" አለች። ቄስም ቢጠየቅ ከዚህ የተሻለ አይመልስም።

ወደ ክሮይደን የምንመለስ መስሎኝ ነበር። እሷ ሹፌር ወንበር ላይ ወጣች። "ግባ አባዬ። ኢንሹራንሱ ላይ ስሜን አስገብቼያለሁ፣ እንዲያው ካንተ ጋር ዝም ብዬ የምወጣ መሰለህ?" አለች። አንቺ ትቀመጪበት በነበረው ወንበር ተቀመጥኩ። እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ወደ ባሕሩ ነዳችው። ተሳቢዋ እንደ በግ ተከተለችን፤ ሎሪ ሲያልፈን ስፖኪዮውን አየሁ፣ አልተነቃነቀችም። እንዳሸነፍሽ አትቁጠሪው። ጠበሉ ነው ከባድ፣ ድስት አይደለም።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ተሳቢዋን ወደ ኋላ ማስገባት አቃታት። እኔ ወርጄ በእጄ መራኋት። ወደ ምሥራቅ አዙሪያት አልኳት። "አባዬ፣ ባሕሩ እኮ በዚያ በኩል ነው፣ ቪው የለውም" አለች። እናትሽ ባሕር ለማየት መስኮት አላት፣ ለጸሎት ግን አንድ ምሥራቅ ብቻ ነው ያላት አልኳት። እየሰደበችኝ አዞረቻት። ሥዕሉን ሰቀልኩት። ጀሪካኖቹን ጠረጴዛ ላይ አነሳናቸውና፣ ማን ሊተኛበት ነው ባለችው አልጋ ላይ ጋቢሽን ለብሳ ተኛች። ጠዋት ምንም ሳንቀምስ ጠበል ሰጠኋት፣ ጠጣች። ኩሽና ልትሄድ መተላለፊያው ላይ ተገናኘን። "ሆድህን ሳብ አባዬ" አለች። ጀርባዬን አዙሬ ትንሽ ቆምኩ።

መኪናዋ አልተሸጠችም። ቁልፉ ግን እሷ ጋ ነው። ቃሌን አላጠፍኩም፣ እሷም ስለ ኋላ ክፍሏ ማንሳቷን ተወች። መሄድ ስንፈልግ ትመጣለች፣ እሷ ትነዳለች፣ እኔ ዓይኔን ስፖኪዮው ላይ አድርጌ እናገራታለሁ፣ ትናደዳለች። አሁን ደግሞ ተሳቢዋን እንቀይራት ብላ ኩሽናቸው መሃል የሆኑትን ፎቶ ትልክልኛለች። ሁሉም ረጃጅም ናቸው። እንግዳ ቢመጣስ ትላለች። ካንቺ ጋር ያላለቀውን ጭቅጭቅ ከሷ ጋር ይዤዋለሁ፤ አልሸነፍም።

ዛሬ ግን ይህን ከመጻፌ በፊት ጉልበቴን እየረገምኩ ምንጣፉ ላይ ተንበረከክኩ። የኩሽናውን ፕላስተር ከኋላ ነቀልኩት፣ መሃል ላይ፣ ከጎማው በላይ ለጠፍኩት። ለማንም አልነገርኩም፤ ላንቺ ነው የምነግርሽ። የቀረው መስመር አይነካም። ያንቺ አልጋ ባለበት ነው፣ መተላለፊያውም እንደ ድሮው ጠባብ ነው። እስክመጣ ድረስ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሆዴን ስቤ ወደ አንድ ጎን እጠጋለሁ፤ አንቺ እንድታልፊ።

ባለቤትሽ